ጥቁሩ ፌስታል

ከሪያድ ወደ አዲስ አበባ የሌሊት በረራ ላይ ነን። እራት አድርሰን ትሮሊ እየሰበሰብን ሳለ አንድ ሰውዬ ጮኸ። ከላይ ከዕቃ ማስቀመጫው በረሮ ትከሻው ላይ ወደቀችበት። ትንሿ፣ ቡናማዋ፣ ከጭንቅላቷ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያላት። ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃታል።

ማስቀመጫው ውስጥ ሦስት ሻንጣና በገመድ የታሰረ አንድ ጥቅል ነበር። የእኛ የአስተናጋጆቹ አለቃ፣ ፐርሰሯ፣ ሻንጣዎቹን አልነካችም። ጥቅሉን አወረደች።

«የማን ነው ይሄ?»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አገሯ የምትገባ ነች።

«ምግብ ይዘሽበታል?»

«ኧረ የለም እትዬ። ብርድ ልብስና የልጄ ጫማ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ወዲያው ወደ ሰውዬው ዞራ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ወንበር እንቀይርልዎት?» አለችው። ለእሱ እርስዎ፣ ለእሷ አንቺ። ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ዓመታት አልፈው ዛሬም ያበግነኛል።

እኔስ? ጥቁሩን የቆሻሻ ፌስታል ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥቅሉን ከትቼ አፉን ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ሰው ሁሉ እያየ። መዝገቡ ላይም «ከመንገደኛ ዕቃ የወጣ በረሮ» ተብሎ ከነወንበር ቁጥሯ ተጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ያው አውሮፕላን ደረሰኝ። ስገባ ቴክኒሽያኑ የኋላ ጋሊውን፣ ምግብ የምናሞቅበትን ጓዳ፣ የኦቨን ሽፋን ፈትቶ ነበር። «ነይ እዪ» ብሎ ባትሪውን አበራልኝ። ስንዴ የሚያካክሉ ባዶ የበረሮ እንቁላል ከረጢቶች ጥግ ጥጉን ተከማችተዋል። አንዱ ከረጢት ብቻ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይይዛል። ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፤ ሳምንታት የፈጀ ነው። ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ፣ ፍርፋሪ አለ። በረሮ ደግሞ በምግብ ካርቶንና በትሮሊም ተሳፍሮ ይገባል።

ሻንጣ ምንም አያመጣም አልልም። ቅቤ ተንጠባጥቦ ወለሉን ሲያጨማልቅ፣ ጥሬ ሥጋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሸት አይቻለሁ። ትኋንም አይበርም፣ አይዘልም፤ በሻንጣ ስፌት ተደብቆ ነው አገር የሚያቋርጠው። እባካችሁ፣ ቅቤውን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጉት፤ ሻንጣውንም ከጉዞ በፊት አራግፉት። ግን በረሮ በታየ ቁጥር መጀመሪያ የድሃ ጥቅል አይፈታ። መጀመሪያ የራሳችን ጓዳ ይፈተሽ።

ያየሁትን ለፐርሰሯ ነገርኳት። «አለቀ እኮ፣ ተጽፏል» አለችኝ።

በረሮዋ በወደቀችበት በዚያ ሌሊት ቦሌ ስናርፍ ልጅቷ ፌስታሉን አቅፋ በሩ ጋ ቆመች።

«እትዬ፣ አሁን ልፍታው?»

ሞከረች፣ ቋጠሮዬ እምቢ አላት። ቀደድኩላት። ጥቅሉን ፈትታ እጇን ሰደደችና ጫማዎቹን ዳበሰቻቸው። ነጭ ናቸው፣ መዳፍ የማይሞሉ፣ የዋጋው ወረቀት ገና አልተነሳላቸውም።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወረደች።