ሞቱ ብዬ የቆፈርኳቸው አበቦች

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ኤፕሪል ላይ ፖቶማክ ወንዝ ዳር በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ዛፎቹ ገና ቅጠል ሳያወጡ መሬቱ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። ቨርጂኒያ ብሉቤል ይባላል። እንቡጡ ሮዝ ነው፣ ሲፈነዳ ሰማያዊ ይሆናል፣ ስለዚህ አንዱ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ቀለም ታያላችሁ። አደይ ያየ ዓይን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

ከፓርክ መንቀል ክልክል ነው። የአገሩን ተክል ከሚያፈላ ሰው ስድስት ችግኝ ገዛሁና ከቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ተከልኩ። በጸደይ አበቡ። ጁን ላይ ግን ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተኛ፣ ከዚያ ድራሹ ጠፋ። ውሃ አንሷቸው ነው ብዬ ባጠጣ ባጠጣ ምንም የለም። በቃ አለቁ! ቦታው ባዶውን ከሚቀር ብዬ ለጎመን መቆፈር ጀመርኩ።

ሁለተኛው ምት ላይ ዶማው አንድ ወፍራም ሥር ቆርጦ አወጣ። ውጩ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ፤ የሞተ ነገር እንዲህ አይሆንም። ለካ ተኝተው ነው። እንዲህ ያለው የጫካ አበባ አብዛኛውን ሥራውን የሚጨርሰው ዛፉ ቅጠል አውጥቶ ፀሐዩን ሳይከለክለው ነው፣ ምግቡን ሥሩ ውስጥ አከማችቶ እስከሚቀጥለው ዓመት ይተኛል። ቢጫ ቅጠሉን ቸኩሎ መቁረጥ ማለት ስንቁን መቀማት ነው።

አሁን ተኝተው ሳሉ ቦታቸው እንዳይጠፋኝ እያንዳንዳቸው አጠገብ እንጨት ተክያለሁ። የኦክ ቅጠል ሲረግፍም አልጠርግም፣ በሣር ማጨጃው ፈጨት አድርጌ እዚያው እበትነዋለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ «ምነው ልጄ፣ ግቢህን እንዲህ አቆሸሽከው?» ብላኛለች። የበሰበሰ ቅጠል ለእነሱ ከየትኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

ብላድሩትም አለኝ፣ ሥሩ ሲቆረጥ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሚወጣው ነጭ አበባ። ዘሩ ላይ ትንሽ ስብ ነገር አለች፣ ጉንዳኖች ለእሷ ሲሉ ዘሩን ጎትተው ይወስዱታል። እኔ ያልተከልኩበት አጥር ሥር የበቀለው በእነሱ ሥራ ይመስለኛል።

ትሪሊየም የሚባለው ሌላ የጫካ አበባ ላይ ግን ከስሬያለሁ። ከዘር ከጀመራችሁ እስኪያብብ 7 ዓመት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል ያደገውን ገዛሁ፣ በሳምንቱ አጋዘን ግጦት አደረ። መረብ ቀድሞ ነው።

ከቆፈርኩት ስድስቱ አራቱ በዓመቱ ተመለሱ። ጎመኑ ባልዲ ውስጥ ነው ያለው።