መብራት ያሳጠረው ግራፍ

ባሕር ዳር ላይ ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ዋናው ፈተና ቀመር አይደለም፣ መብራት ነው። ባለ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስም ጢስ ዓባይም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናቸው። መብራቱ ግን ደስ ሲለው ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው የላቡ ዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

አንድ የማስተርስ ተማሪዬ ጥናቱ በተደረደሩ ናኖ ማግኔቶች ላይ ነው። ከኒኬልና ከብረት ቅይጥ፣ ከፐርማሎይ፣ የተሠሩ ደቃቅ ክብ ነጥቦች በሰልፍ ይቀመጣሉ። አጭር የማግኔት ምት ሲያገኛቸው ስፒኖቻቸው፣ ማለትም በውስጣቸው ያሉት የአተም ማግኔቶች፣ በጊጋኸርዝ ድግግሞሽ ይወዛወዛሉ። አንዱን የሌላው የማግኔት መስክ ስለሚደርሰው፣ የዳር ያለው ነጥብ ድግግሞሽ ከመሃለኛው ትንሽ ይለያል። ልጁ የሚፈልገው ይህንን ልዩነት ነው። መለኪያ መሣሪያው ስለሌለን ሥራው ኡምፍ (OOMMF) በሚባል የማግኔት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ነው።

አንድ ቀን ግራፍ ይዞ መጣ።

«መምህር፣ የድግግሞሹ ግራፍ ላይ አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጎረቤታሞቹ በመስካቸው አይነካኩም ማለት ነው።»

ግራፉ ልስልስ ብሎ ያምራል። ግን በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት 20 ናኖሜትር ነው። በዚህ ቅርበት አይነካኩም ማለት አልዋጥልህ አለኝ።

«ስንት ናኖሰከንድ አስኬድከው?»

«20 ነበር ያሰብኩት። መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ እንጂ…»

ፋይሉን ከፈትነው። 1 ናኖሰከንድ ላይ ቆሟል። የቀረውን በዜሮ ሞልቶ ነው ፎሪየር ትራንስፎርም፣ ማለትም ውዝዋዜውን ወደ ድግግሞሾቹ የሚበትነውን ስሌት፣ የሠራው። የ1 ናኖሰከንድ ዳታ በመካከላቸው ከ1 ጊጋኸርዝ ያነሰ ልዩነት ያላቸውን ድግግሞሾች አይለይም፤ 20 ቢሆን እስከ 0.05 ይወርዳል። ዜሮው መስመሩን ያሳምረዋል እንጂ ያልተሰላውን አያመጣም። ይህ ዘዴ ስንቱን ሸውዷል መሰላችሁ!

«እንደገና ከመጀመሪያው ልነሳ?» ፊቱ ጠቆረ።

አያስፈልግም ነበር። ኡምፍ የደረሰበትን በየ15 ደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል። «ሪስታርት» የሚለው ምርጫ ግን ካልነኩት 0 ነው፤ ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። 1 አድርጎ ማስነሳት ነው፣ በቃ።

ከዚያ በኋላም መብራቱ ከመጥፋት አላረፈም። ሲሙሌሽኑም ካቆመበት እየቀጠለ 20 ደረሰ። ማርገቢያውን፣ ውዝዋዜው ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት የሚወስነውን ቁጥር፣ አስቀድሞ ዝቅ ስላደረገው ጫፎቹ ቀጠን ብለው ወጡ፤ አንዱ የነበረው ሁለት ሆነ። የየነጥቡን ግራፍ ለየብቻ ሲያወጣ ትንሹ ጫፍ የዳር ረድፎቹ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ግራፍ የሚያሳየኝ ተማሪ መጀመሪያ ሲሙሌሽኑ ስንት ናኖሰከንድ እንደሄደ ይነግረኛል። ካልነገረኝ አላየውም።