ኩፖን ቆራጭ ሆንኩላችሁ

አባቴ ኩፖን ሲባል ትዝ የሚለው የደርግ ጊዜ የቤንዚን ኩፖን ነው፣ በቀደም ስልክ ላይ "ኩፖን እየቆረጥኩ ነው" ስለው "እዛም አገር ቤንዚን በኩፖን ሆነ እንዴ?" ብሎ ደነገጠ። ኧረ አባዬ የሳሙና ነው አልኩት።

ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ትንሿ ልጄ ገና ከዳይፐር አልወጣችም፣ የግሮሰሪው ወጪ ሲያማርረኝ የሰማች አንዲት የስራ ጓደኛዬ የእሁድ ጋዜጣ ውስጥ የሚመጣውን፣ ተቆርጦ ሱቅ ሲሰጥ ዋጋ የሚያስቀንሰውን የኩፖን ወረቀት ሰብስባ አምጥታ "በይ መቀስ አንሺ" አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን አፈርኩ ነው የምላችሁ። የላውንደሪ ሳሙና ላይ 3 ዶላር የሚቀንስ ኩፖን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ለካሸሯ ሰጠኋት፣ ስካን ስታደርገው ጢጥ አለ፣ ደገመችው አሁንም ጢጥ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ኡፍፍ ይላል፣ እኔ ላብ በላብ። "ይቅር ባክሽ" ብዬ ሙሉውን ከፍዬ ወጣሁና መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳነበው በደቃቅ ፊደል ትንሹ ጠርሙስ ላይ አይሰራም ይላል። ያነሳሁት ትንሹን ነበር።

ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። አንዱ ኩፖን ፋብሪካው የሚያወጣው ነው፣ አናቱ ላይ "ማኑፋክቸረር ኩፖን" ይላል፣ ሱቁ የቀነሰላችሁን ብር ከፋብሪካው ያስመልሳል። ሌላው ሱቁ ራሱ የሚያወጣው ሲሆን እዛው ሱቅ ብቻ ነው የሚሰራው። ብዙ ሱቆች ለአንድ እቃ ከሁለቱም አንዳንድ ይቀበላሉ፣ ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ባለፈው 27 ዶላር የነበረው ዳይፐር ሴል ገብቶ (ሱቁ ራሱ ዋጋ ቀንሶ) 22 ሲሆን የፋብሪካውን 3 እና የሱቁን 2 ደርቤ በ17 ይዤው ወጣሁ። ስለዚህ ኩፖን አገኘሁ ብላችሁ በዛው ቀን አትሩጡ፣ እቃው ሴል እስኪገባ ያዙት፣ ኤክስፓየር እንዳያደርግባችሁ ብቻ። ደግሞ ስልካችሁ ላይ የሱቁ አፕ ውስጥ ያለ ኩፖን ሁሉ የሱቁ እንዳይመስላችሁ፣ አብዛኛው የፋብሪካ ነው፣ እሱን ከወረቀቱ የፋብሪካ ኩፖን ጋር አንድ እቃ ላይ መደረብ አይቻልም። "ዋን ፐር ፐርቸስ" የሚለው ደግሞ ለአንድ እቃ አንድ ማለት ነው፣ በአንድ ደረሰኝ አንድ ማለት የሚሆነው "ፐር ትራንዛክሽን" ሲል ነው። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግስት ለምግብ መግዣ የሚሰጠውን ድጋፍ፣ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ኩፖን መጠቀም ትችላላችሁ፣ አትሸማቀቁ።

እውነቱን ለመናገር ግን የኛ ኩሽና ለኩፖን አይመችም። ለጤፍ፣ ለበርበሬ፣ በጆንያ ለምንገዛው ሽንኩርት ኩፖን ያየ አለ? ኩፖን የሚበዛው ሲሪያል፣ ቺፕስ፣ ሶስ ምናምን ላይ ነው፣ እኔ እንኳን የማተርፈው ከሳሙና፣ ከዳይፐርና ከጥርስ ሳሙና ነው። መጀመሪያ አካባቢ ግን ርካሽ ሆነ ብዬ አራት ጠርሙስ መስታርድ ገዝቼ ገባሁ፣ ባለቤቴ ደርድሮ አያቸውና "በምን ልንበላው ነው፣ በእንጀራ?" አለኝ። አሁን መጀመሪያ የሚያስፈልገኝን ጽፌ ነው ኩፖን የምፈልገው።

ሦስቱ ጠርሙስ እስካሁን ካቢኔት ውስጥ አሉ፣ እዚህ አካባቢ ያላችሁ መስታርድ የምትወዱ ካላችሁ መጥታችሁ ውሰዱልኝ፣ ኩፖን አልጠይቅም።