ኦርኬስትራው ራሱ የማይስቅበት ቀልድ

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ስለነበር የኮምፒውተሬን ድምፅ አጥፍቼ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የሻርክ አስፈሪ ፊልም «ጆውስ» እንደገና ማየት ጀመርኩ። ካሜራው ከባሕሩ ሥር ሆኖ ሽቅብ የዋናተኞችን እግር ሲከታተል፣ ያለ ድምፅ የበጋ መዝናኛ ማስታወቂያ ይመስል ነበር። የጆሮ ማዳመጫዬን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ግን ያንኑ ትዕይንት እግሬን ወንበሩ ላይ ሰብስቤ ጨረስኩት።

የጆን ዊሊያምስ ማጀቢያ ሙዚቃ የቆመው በግማሽ ድምፅ ብቻ በሚራራቁ (በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ባሉ) ሁለት ኖታዎች ላይ ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ቼሎዎቹና ደብል ቤዞቹ፣ በዝግታ ያሰሙአቸውና ዝም ይላሉ፤ ደግመው ይመጣሉ፤ ፍጥነታቸው እየጨመረ ሲሄድ፣ ሻርኩ ገና ሳይታይ እየቀረበ መሆኑን እናውቃለን። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ዊሊያምስ በፒያኖ ሲጫወትለት፣ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት መሳቁን ራሱ ተናግሯል። እኔ አብዝቼ የማደንቀው ሙዚቃው የሌለበትን ቦታ ነው። ሁለት ልጆች በካርቶን የሻርክ ክንፍ ሕዝቡን ሲያስደነግጡ ኦርኬስትራው ትንፍሽ አይልም፤ አልዋሸንም ማለት ነው። ይህንን ካመንነው በኋላ ግን እውነተኛው ሻርክ ያለ አንዲት ኖታ ከጀልባዋ ኋላ ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አስቂኝ ፊልም «ኤርፕሌን» የሚጀምረው በእነዚያው ሁለት ኖታዎች ዘዬ ሲሆን፣ ደመናውን እንደ ሻርክ ክንፍ እየሰነጠቀ የሚያልፈው የአውሮፕላን ጭራ ነው። ሙዚቃውን የጻፈው ኤልመር በርንስታይን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሠራው አስቂኝ ፊልም «አኒማል ሃውስ» ላይ፣ የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ጆን ላንዲስ እንደ ቁም ነገር ድራማ እንዲጽፍለት ጠይቆት ነበር። በ«ኤርፕሌን»ም ቫዮሊኖቹ እንባ ያዘለ ፍቅር፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹም የሞት ሽረት ትግል ይጫወታሉ። የራሱን ቀልድ ሳይጨርስ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ጨዋታ ያበላሻል፤ በየቀልዱ መጨረሻ ትሮምቦን እያንሸራተተ «ሳቁ» የሚል ማጀቢያም እንደዚያው ያናድደኛል (አንዳንዱን ፊልም በዚህ ምክንያት ብቻ አቋርጬ ወጥቻለሁ)። በርንስታይን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ኮስተር ብሎ ይቀጥላል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ለተሳፋሪዎቹ ነፍስ እሰጋለሁ፤ ስገልጥ የአውሮፕላኑን መሪ የያዘው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ነው።