ከፍራንክፈርት የአራስ ቤት፦ ስለ ጡጦና ስለ ዱቄት ወተት

ጀርመን አገር የምትወልድ እናት ሄባመ የምትባል ሰው ታገኛለች። አዋላጅ ነች፤ ሥራዋ ግን በወሊድ ቀን አያልቅም። ከሆስፒታል ከወጣሽ በኋላ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ መምጣት ትችላለች። ከዚያም ሕፃኑ 12 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ እየተመላለሰች ታያችኋለች። ሒሳቡን የጤና ኢንሹራንስ ይከፍላል። እናቷም፣ እህቷም፣ ጎረቤቷም ሩቅ ለሆኑባት ስደተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሄባመ እንደ ልብ አትገኝም። ነፍሰ ጡር መሆንሽን እንዳወቅሽ መፈለግ ጀምሪ። ሆድሽ ገፍቶ ከሆነ ዛሬውኑ ደውዪ።

የእኔዋ ሄባመ መንጠቆ ያለው ሚዛን ይዛ ነበር የምትመጣው። ሕፃኗን በጨርቅ ትጠቀልላትና አንጠልጥላ ትመዝናታለች። ያ ሚዛን ነው ታሪካችንን የቀየረው።

ልጄ የተወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ስትወለድ 3,250 ግራም ነበረች። በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት ወተት ዘግይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። እንገሩ ነበረኝ፤ ትጠባለች። ጠብታ ብትመስልም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልጋት እሱ ነው፤ በአገራችን አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው ተጨምቆ የሚደፋ ነገር አይደለም። ከእንገሩ በኋላ መምጣት ያለበት ወተት ግን ቀረ። ልጄ ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ ደክሟት ትተኛለች፣ ነቅታ እንደገና ታለቅሳለች። ዳይፐሯ ላይ ሽንት ሳይሆን የጡብ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አየሁ። ሄባመዋ ያንን ስታይ ምንም ሳትናገር ሚዛኑን አወጣች። 2,890 ግራም።

አራስ ልጅ መጀመሪያ ላይ ክብደት መቀነሱ ያለ ነገር ነው። እስከ 7 በመቶ ያህል ብዙ አያስደነግጥም። 10 በመቶ ሲደርስ ግን ሐኪሙም አዋላጇም ዝም ብለው አያዩም። የእኔዋ ከዚያ አልፋ ነበር። «ዛሬ ፕሬ እንጀምርላታለን» አለችኝ።

ፕሬ ማለት ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የዱቄት ወተት ነው። እዚህ አገር መደርደሪያው ላይ ፕሬ፣ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ያላቸው ፓኮዎች ተደርድረዋል። እኛ በልማድ የጣሳ ወተት እንለዋለን እንጂ አብዛኛው የሚሸጠው በካርቶን ነው። ፕሬ ለእናት ጡት ወተት በጣም የቀረበው ነው። ጣፋጭነቱ ከወተት ስኳር ብቻ ነው። 1 ቁጥር ያለው ስታርች ሊኖረው ይችላል። 2 እና 3 ከ6 ወር በፊት አይሰጡም። ቁጥሩን ያየ ሰው ልጁ ባደገ ቁጥር መለወጥ ያለበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከዱቄት ወተቶቹ ፕሬ ብቻውን ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይበቃል። ዋጋውም ቢሆን እንዳያሳስባችሁ። እንደ ዴኤምና ሮስማን ያሉት መደብሮች በራሳቸው ስም የሚሸጡት ርካሹ ፕሬም እንደ ውዱ ሁሉ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተወሰነውን ምግብ በሙሉ መያዝ አለበት።

ባለቤቴ ኤርፖርት ውስጥ በፈረቃ ነው የሚሠራው። ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ገዝቶ መጣ። ሄባመዋ ቆማ አሠራችኝ። መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ 30 ሚሊ ሊትር በጡጦ፣ ከዚያ ደግሞ በማሽን ማለብ። የማለቢያውን ማሽን ሐኪም ሲጽፍልሽ ከፋርማሲ በኪራይ ይሰጡሻል፤ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ይህን ብዙ እናቶቻችን ስለማያውቁ ከኪሳቸው ይገዛሉ።

ልጄ ያንን 30 ሚሊ ሊትር ጠጥታ እጇን ዘረጋች። እስከዚያ ሰዓት ሁለቱም እጆቿ ተጨብጠው ነበር። ጣቶቿ ሲላሉ አይቼ አለቀስኩ።

ከዚያ እማዬ ደወለች። ደሴ ናት።

«የጣሳ ወተት ሰጠሻት አሉ። ጡትሽ ምን ሆነ?»

«ወተቱ ዘገየ እማዬ። ክብደቷ ቀነሰ።»

«አጥሚት ጠጪ። ደግሞ ከሰጠሽ አይቀር የላም ወተት አፍልተሽ በውሃ አቅጥኚላት። አንቺም እንደዚያ ነው ያደግሽው።»

እማዬ ያለችው ከፍቅር ነው፤ በእሷ ጊዜና ቦታ የነበረው አማራጭም ያ ነበር። ቀስ ብዬ አስረዳኋት። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። ፕሮቲኑና ጨዉ ለአራስ ልጅ ኩላሊት ይበዛል። ብረቱ ደግሞ ትንሽ ነው። አንጀትን አቁስሎ ደም ሊያፈስም ይችላል። በውሃ ሲቀጥን ጨዉ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ምግቡም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጥም። ማርም እንደዚሁ፤ ቅምሻም ቢሆን። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውሃ፣ ለቁርጠት የአብሽ ውሃ የሚባለውንም ሁሉ ተውነው። ሙቀቱ ሲበረታ «ኧረ ውሃ አቅምሻት» ስትለኝም ከ6 ወር በፊት ውሃ ለብቻው እንደማይሰጥ ነገርኳት። ትንሿ ሆዷ በውሃ ከሞላ ወተቱ የት ይገባል?

አንድ ነገር ግን እማዬን አስደሰታት። ሄባመዋ ለእኔ የሰጠችኝ የአጥቢዎች ሻይ ውስጥ እንስላል ነበረበት፤ አንዳንዱ ዓይነት አብሽም አለው። የሠፈሬ ጀርመናዊት አሮጊት ደግሞ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ አመጡልኝ፤ ወተት ያመጣል ብለው። እማዬ ይህን ስትሰማ «አየሽ፣ እነሱም ያውቁታል!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሄባመዋ በየስልኩ ትጠይቀኛለች፣ ትመርቃታለች።

አሁን ስለ ልኩ ልናገር። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ይገባል። እኔ የገዛሁት ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ይላል። ማንኪያው ፓኮው ውስጥ ያለው ነው። የሌላ ፓኮ ማንኪያ አይሆንም፣ የሻይ ማንኪያም አይሆንም። ተቆልሎ ሳይሆን በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ነው የሚለካው። ዱቄት ሲበዛ ልጁ ይደርቃል፣ ሆዱ ይታሰራል። ዱቄት ሲያንስ ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ ጠግቦ ይመስላል፣ ግን ይራባል። ውሃው ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይወርድና እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። «እንዲበረክት» ተብሎ የሚቀጥን ወተት የሕፃን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ዱቄቱ ደረቅና ንጹሕ ቢመስልም ከጀርም ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ አራስን ከያዘ ግን ከባድ ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ፈልቶ ቢያንስ 70 ዲግሪ እያለ ዱቄቱ ይግባበት የሚለው። ከዚያ ጡጦው በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ተይዞ ይበርዳል፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይሞከራል። እዚህ የሚሸጡ ብዙ ፓኮዎች ላይ ከዚያ ዝቅ ያለ ሙቀት ተጽፏል። እኔ ልጄ ገና አራስ ስለነበረች 70ውን መረጥኩ፤ ሄባመዋም ተስማማች። ማይክሮዌቭ አንጠቀምም፤ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል። የተረፈው ይደፋል። ልጄ ትታው የተኛችውን ጡጦ ለቀጣዩ ማቆየት የለም፤ ምራቋ ከነካው ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ብር ነውና ሲደፋ ያሳዝናል። ስለዚህ ትንሽ ሠርቶ ካነሳት መጨመር ይሻላል።

አጠጣጡም ዘዴ አለው። ልጇን ቀና አድርገሽ ትይዣለሽ፣ ጡጦውን አግድም። አፉ ቁልቁል ተደፍቶ ከተያዘ ወተቱ ይወርድባትና ትን ይላታል። መሐል ላይ ታሳርፊያታለሽ፣ ታስገሺያታለሽ። ፊቷን ካዞረች በቃት ማለት ነው። ጡጦ በትራስ አስደግፎ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። መጥገቧን የሚነግርሽ ዳይፐሩ ነው፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ 6 እርጥብ ዳይፐር።

ሌሊት ሌሊት ባለቤቴ ድርሻ ነበረው። የፈላ ውሃ በፔርሙስ፣ ዱቄቱ በደረቅ ዕቃ ተለክቶ ይጠብቀዋል። ከሥራ ገብቶ እጁን ታጥቦ ያጠጣታል። እኔ እተኛለሁ። አገር ቤት ቢሆን አራስ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ልጅ ታቅፋለች፣ አንዷ ጨርቅ ታጥባለች። እዚህ ሁለት ሰው ብቻ ነን። እንቅልፍ ስተኛ ወተቴም ተሻሻለ። ልጄ የተወለደችበትን ክብደት መለሰች፤ ጡትና ጡጦ አብረው ሄዱ።

ያስቸገረኝ ወተቱ ሳይሆን የሰው አፍ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገንፎ ይዘው የመጡ ደግ ሰዎች፣ ጡጦውን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። አንድ የማከብራቸው እትዬ «ምን ሆነሽ ነው? ደኅና ነሽ ግን?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጥያቄው ውስጥ ያለው ገባኝ። መድኃኒት የምትወስድ እናት አለች። ሐኪም ጡት እንዳትሰጥ የነገራት አለች። ቫይረሱ በደሟ ያለና ምስጢሯን ለማንም ማውጣት የማትፈልግ አለች። ጡጦዋን ያየ ሁሉ ምክንያት ከጠየቃት የት ትግባ? እባካችሁ፣ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ስለ ጡቷ አትጠይቋት። ምን በላሽ ብላችሁ ጠይቋት።

ፓኮው ራሱም ይናገራል። ጎኑ ላይ ለሕፃን የእናት ጡት እንደሚበልጥ የሚገልጽ ማሳሰቢያ አለው። የሕፃን ሥዕልም የለበትም፤ በአውሮፓ ሕግ ለአራስ በሚሸጥ ወተት ላይ ክልክል ነው። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ድሆች አገሮች ውስጥ የዱቄት ወተት በማስታወቂያ ተገፍቶ፣ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ተበጥብጦ፣ እንዲበረክት ተብሎ ቀጥኖ ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 የሽያጭ ደንብ ያወጣው ለዚህ ነው። ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጡት መስጠት የምትችል ትስጥ፤ እኔም ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ማሳሰቢያው የተጻፈው ለሻጩ ልጓም እንዲሆን ነው። እናት እንድታፍር አይደለም።

በ80 ቀኗ ክርስትና ስናነሳት፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ባለው ክፍል ጡጦዬን ሳወጣ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። «የእኔም ልጅ በዚህ ነው ያደገው። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም» አለችኝ። ልጁ ውጭ ኳስ ይመታ ነበር። ሌላዋም ሰምታ ጠጋ አለች። ስንት ነገር ለየብቻችን ተሸክመን ኖሯል!

እዚያው ነው ሃይም ውስጥ የምትኖረውን ልጅ ያወቅኋት። የስደተኞች መኖሪያ ማለቴ ነው። ገና ወጣት ናት፣ ጀርመንኛ አታነብም፣ ልጇ የጥቂት ሳምንት ነው። የገዛችው ፓኮ 2 ቁጥር ነበር። እሱንም ወር እስኪደርስ እንዲበቃት ማንኪያውን ትቀንሳለች። ማንም አልነገራትም። በማግስቱ አብረን የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድን። ልጁ ተመዘነ፣ ፕሬ ተገዛ፣ በሃይሙ የምትሠራዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ጉዳዩን ያዘችላት። እርጉዝ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ሙተር ኡንት ኪንት የሚባል የፌዴራል ፋውንዴሽን አለ። ለሕፃን ዕቃ ገንዘብ ይረዳል፤ ጥገኝነት ጠያቂም ማመልከት ትችላለች። ማመልከቻው ግን ከመውለድ በፊት ነው የሚገባው፣ በእርጉዞች ምክር መስጫ ቢሮ በኩል። እሷ ሳታውቅ አለፋት።

ለእሷ በወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፍኩላት። ውሃ በፊት። ለ30 አንድ ማንኪያ፣ ተስተካክሎ። አይቀጥንም፣ አይወፍርም። የተረፈው ይደፋል። ቁጥር የሌለው ፕሬ ብቻ። ፓኮው ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ልጇ ክብደት ጨምሮ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ላከችልኝ። ከጀርባው ወረቀቱ ይታያል፤ ከአማርኛው ሥር አብራት የምትኖረው ኤርትራዊት በትግርኛ ጽፋበታለች፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የጎረቤት ክፍሏ ሶሪያዊት በዓረብኛ።