ውሃው የት ገባ? ያገለገለ ሞተር ጀልባ ስመርጥ የቆየሁባቸው ወራት

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ያገለገለ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ ለመግዛት ስነሳ፣ በእጄ የነበረው ዕውቀት በሙሉ ከመኪና ግዢ የተቀዳ ነበር፤ ዓመተ ምርቱን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ ቀለሙንና የሞተሩን ድምፅ ካየሁ ይበቃኛል ብዬ አስብ ነበር። እስከ ሐምሌ በነበሩት ወራት አራት ጀልባዎች አይቼ ሦስቱን ትቻለሁ፤ አራተኛውን ገዝቻለሁ። በዚህ መካከል ጥያቄዎቼ ሁሉ እየጠበቡ መጥተው አንድ ሆኑ፦ ውሃ መግባት የሌለበት ቦታ ገብቶ ይሆን? ከገባስ የት ነው የገባው? እንደ እኔ ገና ጀማሪ ለሆናችሁ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያየሁትን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ ውሃ ብርቄ አይደለም፤ ጀልባ መንዳት ግን እዚህ አገር የተማርኩት ነው። በሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ስለሚገባ፣ ጀልባ ከመፈለጌ በፊት ትምህርቱን ጨረስኩ። ይህን ቅደም ተከተል ለሌላውም እመክራለሁ፤ ሻጩ የሚናገረው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከትምህርቱ በኋላ ነውና።

ቀጥሎ የወሰንኩት ጀልባው የት ውሃ ላይ እንደሚውል ነበር። የፖቶማክ ወንዝ በዋሽንግተን አካባቢ ጨው የሌለው ውሃ ሲሆን፣ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በወረድን ቁጥር ጨዉ እየጨመረ ይሄዳል። ባሕረ ሰላጤው ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስለዚህ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ርካሽ ጀልባ ትቼ፣ ሆዱ እንደ ማረሻ የሾለ፣ ርዝመቱ ከ18 እስከ 21 ጫማ የሆነ፣ አምስት ሰው የሚይዝ ጀልባ ፍለጋ ጀመርኩ። በጀቴ ጀልባው በመኪና የሚጎተትበትን ተጎታች ጨምሮ 18,000 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ላይ 2,500 ዶላሩን ከግዢ በኋላ ለሚመጣ ወጪ ብዬ ገና ከጅምሩ ለይቼ አስቀመጥኩ። ይህ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው ጀልባ ደጃፌ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው ጀልባ በ2006 የተሠራ (ዓመተ ምርቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነበር። ሞተሩ እንደ መኪና ሞተር ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር ደግሞ በኋለኛው ግድግዳ በኩል ተበስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ አሠራር ስተርንድራይቭ ይባላል። ቀዳዳው ከውሃ በታች ስለሆነ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ነው፤ ጎማው አርጅቶ ከተሰነጠቀ መትከያ ላይ የታሰረ ጀልባ እንኳን ሊሰጥም ይችላል። ሻጩን ጎማው መቼ እንደተቀየረ ጠየቅኳቸው፤ አያስታውሱም። ጨዋማ ውሃ ላይ ሲሠራ የጭስ ማውጫው ብረትም ከውስጥ ስለሚበላ ብዙዎች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይቀይሩታል፤ እሱም መቀየሩን አያውቁም።

አብሮኝ የሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና የሚጠግን አንድ የአገራችን መካኒክ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ጋሼ ስለ ጀልባ ብዙም እንደማያውቅ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ «ሞተሩንና ካንዴላውን ለእኔ ተው፤ ጣውላውን አንተው አንኳኳ» ነበር ያለኝ። የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ጠረገውና መልሶ ከትቶ ሲያወጣው፣ ጫፉ ላይ የነበረው ዘይት ቡናማም ጥቁርም አልነበረም፤ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። ጋሼ ዘንጉን ለሻጩ ሳይሆን ለእኔ አሳየኝና ምንም ሳይናገር መለሰው። የዚህ ዓይነት ሞተር ውሃ እየሳበ ስለሚቀዘቅዝ፣ የክረምቱ ብርድ ከመምጣቱ በፊት ውሃው ሙሉ በሙሉ ካልተደፋ በረዶ ይሆናል፤ ውሃ ሲረጋ ደግሞ መጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ስለሚጨምር የሞተሩን ብረት ይሰነጥቀዋል። ውሃና ዘይቱ የተቀላቀሉት በዚህ ይሁን ወይም በተቃጠለ ጓርኒሲዮን፣ በዚያ ዋጋ ለማጣራት የሚያበቃ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ ግድግዳው ላይ በቡሎን የሚታሰር ሞተር፣ ማለትም አውትቦርድ ያለውን ብቻ ለማየት ወሰንኩ፤ አውትቦርድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው በራሱ ይፈስሳል።

ሁለተኛው ጀልባ ብዙ ያስተማረኝ ነው። አውትቦርድ ሞተሩ ደኅና ነበር፤ ጋሼም አመሰገነው። ችግሩ ሞተሩ የተሸከመበት የኋላ ግድግዳ ላይ ነበር። በብዙ የቆዩ ፋይበርግላስ ጀልባዎች ውስጥ ይህ ግድግዳ ትራንሰም የሚባል ሲሆን፣ ከውጭና ከውስጥ ፋይበርግላስ፣ መካከሉ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው። አንድ ሰው መሰላል ወይም የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ለመግጠም ግድግዳውን ይበሳና ማሸጊያ ሳይቀባ ብሎኑን ያስገባል፤ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ጠብ እያለ ለዓመታት ይገባል፤ ጣውላው ከላዩ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ይበሰብሳል።

እናቴ ገበያ ላይ ምጣድ ስትገዛ ከመከራከሯ በፊት በጣቷ አጥንት ዙሪያውን ታንኳኳው ነበር፤ የተሰነጠቀ ምጣድ ድምፁ አይጠራም። እኔም የካቻቢቴዬን የላስቲክ እጀታ ይዤ ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ስፋት እየተራመድኩ አንኳኳሁት። በግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ መሰላሉ ከተገጠመበት ብሎን በታች ስደርስ ግን ድምፁ «ዱብ፣ ዱብ» ወደሚል ተለወጠ፤ ትራስ የመታሁ ያህል ነበር። ይህ የደነዘዘ ክፍል ወርዱ ከሁለት ክንድ ያላነሰ ነው። ከዚያ ሞተሩን ትንሽ ወደ ላይ አንሥቼ የታችኛውን ጫፉን በክብደቴ ስጫነው፣ የሞተሩ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ሲተነፍስ ታየኝ። ትራንሰም አስፈትቶ ማሠራት ደግሞ ጀልባው ከሚያወጣው ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ያየሁትን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም፤ መሰላሉን የገጠሙት ራሳቸው መሆናቸውን ግን ነገሩኝ።

ሦስተኛውን ለማየት ብዙ ጊዜ አላጠፋሁም። እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ጀልባ ሁሉ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር የሚያገለግል 12 ፊደልና አኃዝ በኋለኛው ግድግዳ ቀኝ በኩል ሊጻፍበት ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምራቹን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሞዴል ዓመቱን ያመለክታሉ። ሻጩ የ2011 ነው ያለው ጀልባ ቁጥሩ በ07 ያበቃል፤ የባለቤትነት ወረቀቱም፣ እኛ ሊብሬ የምንለው ማለት ነው፣ በሌላ ሰው ስም ነበር። አመስግኜ ተመለስኩ።

አራተኛው በ2012 የተሠራ፣ ርዝመቱ 19 ጫማ የሆነ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ምት ያማሃ ሞተር የተገጠመለት ነው። ባለቤቱ የጠየቁት 17,500 ዶላር ነበር። ሌላ ሰው በፊት እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ወዲያው እጄን ልሰጥ ምንም አልቀረኝም፤ ያቆመኝ የሁለተኛው ጀልባ ድምፅ ነው። በስልክ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ስመጣ ሞተሩን አስቀድመው እንዳያስነሡት። ሞቆ የቆየ ሞተር ብዙ ጉድ ይደብቃል። ስደርስ ብረቱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቁልፉ ሲዞርም ወዲያው ተነሣ፤ ውሃ መሳቡን የምታሳየው ቀጭን ፏፏቴ ከጎኑ ሳትቆራረጥ ወጣች።

ጋሼ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት በየተራ ለካ፤ 190፣ 188፣ 192 እና 185 ነበር። ዋናው ነገር ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን እርስ በርሱ መቀራረቡ ነው፤ ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት በነጭ ስኒ ጥቂት ቀንሰን አየነው፤ ጠቆር ያለ ቢሆንም ወተት አልመሰለም፤ የብረት ብናኝም አልነበረበትም። የሠራበት ሰዓት ከኮምፒውተሩ ሲነበብ 310 ሆነ። በ12 ዓመት ውስጥ 310 ሰዓት ማለት በዓመት ከ26 ሰዓት አይበልጥም፤ ይህን የሰማ ጓደኛዬ እንኳን ደስ ያለህ ቢለኝም እኔ ግን ብዙ አልተደሰትኩበትም። ሳይሠራ የቆመ ሞተር ውስጥ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን እርጥበት እየሳበ ይበላሻል፤ ጎማውም ይደርቃል። ባለቤቱ በየዓመቱ ያስደረጉትን ጥገና ደረሰኝ በፌስታል ይዘው ሲያሳዩኝ ነው ልቤ ትንሽ የረጋው።

ከ20 ጫማ በታች የሆኑ ጀልባዎች ቢገለበጡም እንዳይሰጥሙ ወለላቸው ሥር ፎም ይሞላል። ይህ ፎም ለዓመታት ውሃ ከጠጣ ጀልባው ከላይ ደረቅ መስሎ ከውስጥ መቶ ኪሎዎችን ይሸከማል። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከየጉዞው በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው ለዚሁ ነው፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ታንኳው ዕድሜ የለውም። ፎሙን ግን አውጥቶ ማድረቅ አይቻልም፤ መመዘን ግን ይቻላል። ባለቤቱን አስፈቅጄ ከነተጎታቹ የጭነት መኪኖች ወደሚመዘኑበት ሚዛን ወሰድነው፤ የተጎታቹን፣ የሞተሩንና የነዳጁን ክብደት ስንቀንስ ከአምራቹ ጽሑፍ ጋር ያለው ልዩነት ከ40 ኪሎ አልበለጠም፤ ይህም የመልሕቅና የዕቃ ክብደት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የጀልባ መርማሪ ቀጠርኩ። በጫማ 22 ዶላር ሒሳብ 418 ዶላር ከፈልኩ፤ ከከፈልኳቸው ገንዘቦች ሁሉ ያልቆጨኝ ይህ ነው። እርጥበት መለኪያ ይዘው ትራንሰሙንና ወለሉን ከሥር የሚደግፉትን አግዳሚዎች ዳሰሱ፤ ሁለቱም ደረቅ ነበሩ። እኔና ጋሼ ያላየነውን ግን አገኙ፦ ከሰልባትዮው የሚወጣው የነዳጅ ቱቦ ተሰነጣጥቋል፤ የተጎታቹ ጎማዎች በ2013 የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ የተሽከርካሪ ኩሽኔታ ውሃ ገብቶበት ግሪሱ ነጭ ሆኗል። ጀልባውን ከተጎታቹ ወደ ውሃ ሲያወርዱ የጋለ ኩሽኔታ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል፤ እኔ ደግሞ ተጎታቹን እንደ ዕቃ ማሸጊያ ቆጥሬ ዞር ብዬም አላየሁትም ነበር።

በውሃ ላይ ሙከራው አራት ሰው ይዘን ወጣን። የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስንከፍት ሞተሩ በደቂቃ 5,700 ዙር ደረሰ፤ አምራቹ የሚፈቅደው ከ5,000 እስከ 6,000 ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ጋር ይስማማል ማለት ነው። ስንመለስ የመርማሪውን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የእያንዳንዱን ጥገና ዋጋ አጠገቡ ጻፍኩ። ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ከኩሽኔታው በቀር በሁሉም ተስማሙ፤ ጀልባውና ሞተሩ 14,900፣ ተጎታቹ 1,000 ዶላር ሆኖ ተዋዋልን። ሁለቱን በተለያየ የሽያጭ ወረቀት ያጻፍነው ጀልባው በሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ፣ ተጎታቹ ደግሞ በተሽከርካሪ አስተዳደር በኩል ስለሚመዘገብ ነው። የጀልባው ግብር ከዋጋው አምስት በመቶ፣ ማለትም 745 ዶላር ሆነ። ለሕይወት አድን ጃኬቶች፣ ለእሳት ማጥፊያና ለምልክት መስጫ የወጣውን ስጨምር ከለየኋት 2,500 ዶላር ብዙ አልተረፈም። ነጂው ከመሪው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በሻጩ ሣጥን ውስጥ አዲስ እንደሆነ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ባሉ ጀልባዎች ላይ ማሰር ግዴታ ስለሆነ እግሬ ላይ ሳላስር አልነሣም።

እስካሁን 22 ሰዓት ነድቼዋለሁ። በሁለተኛው ጉዞ ላይ ከወለሉ ሥር አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት ባደረቅሁት ቦታ ስለሆነ እንቅልፍ ነሳኝ። በቱቦዎቹና በብሎኖቹ ዙሪያ ሁሉ ደረቅ ሶፍት ጠቅልዬ ለአንድ ሰዓት ውሃ ላይ አቆየሁት። የረጠበው አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላ ካለው የማፍሰሻ ቡሽ ቀለበት በስተግራ ያለው ብሎን። የቀለበቱን ሁለቱንም ብሎኖች ፈትቼ ቀዳዳውን በጥጥ አደረቅሁት፤ ጣውላው ገና ነጭና ጠንካራ ነው። ማሸጊያ ቀብቼ መልሼ አስሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ወደ ውሃ ስወርድ ሶፍቱን ይዤ እሄዳለሁ።