ግራ ያጋባችን ቀንድ አውጣ

ኮምቦልቻ በምሠራበት የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ፎቶ አይቶ መፍረድ ተለምዷል። ቴሌግራም እያለ ናሙና ተሸክሞ ከደጋ የሚወርድ ማን አለ? በኩታበር በኩል ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ከረግረግ ዳር የለቀማትን፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ፎቶዋን ላከልን። በጎቹ ከስተዋል፣ መንጋጋቸው ሥርም አብጧል ይላል።

ባልደረባዬ ቸኩሎ አያት። ሹል ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ ራስህ አድርገህ ስታያት መክፈቻዋ በቀኝ ከሆነ ሊምኒያ ልትሆን ትችላለች፤ የጉበት ትል አስተላላፊ። በግራ ከሆነ ቡሊነስ ልትሆን ትችላለች፤ የከብት ቢልሃርዝያ የሚመጣው በእሷ ነው። ፎቶው ላይ በግራ ነበር። «ቡሊነስ!» ብሎ፣ እንስሳቱ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ የሚል ምክር መጻፍ ጀመረ።

እኔ አልዋጠልኝም። የመንጋጋ ሥር እብጠት ይበልጥ የሚያስጠረጥረው የጉበት ትልን ነው። ስንከራከር አንጋፋው ቴክኒሻናችን ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጆች፣ እስቲ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ» አሉ። ፊደሎቹ ሁሉ ተገልብጠዋል!

ደወልንለት። «የኋላው ካሜራ ተሰብሮብኝ በፊተኛው ነው ያነሳኋት» አለ። ብዙ ስልክ ደግሞ በፊት ካሜራ የተነሳውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

«በሚኒባስ ላካት» አልነው። ስትደርስ ሳህን ላይ ውሃ አድርገን ለቀቅናት። ጥቂት ቆይታ ብቅ አለች፤ መክፈቻዋም በቀኝ ሆኖ ተገኘ። በማጉያ መነጽር ስናያት ቀንዶቿ አጭርና ጠፍጣፋ፣ ሦስት ማዕዘን መሳይ ናቸው። የቡሊነስ እንደ ክር ቀጭንና ረጅም ነው፤ ይህን የትኛውም ካሜራ አይገለብጠውም። ሞታ ዛጎሏ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ይህ ምልክት ያመልጠን ነበር።

ምክሩ ተቀደደ። የቢልሃርዝያ እጭ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ የጉበት ትል እጭ ግን ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፍና ከሣሩ ጋር ይበላል። በጎቹን ከውሃው ብታርቅ እንኳ ከረግረጉ ዳር አጭደህ ቤት ካበላሃቸው ያው ነው። መድኃኒቱም ለየቅል ነው፤ ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የጉበት ትልን አያሽርም።

«ጋሼ፣ የታጨደውስ ምን ይሁን?» አለ ባለሙያው በስልክ።

«አብሽር፣ እርጥቡን አታብሏቸው። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ውስጡ ርጥበት ከቀረ ግን እጩ ወራት ሊቆይ ይችላል።»